የኅዳሩ ዝግጅት ፕሮፖዛል፦ ያላችሁን ሐሳብ እዚህ ጨምሩ

ጸሐፊ፦
ሰላም ጀመዓ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? በማህበራችን ስብሰባ እንደተባባልነው የጥበብ ዝግጅቱን ፕሮፖዛል እዚሁ እንጨርሰው። እስካሁን የተያዘው ይሄ ነው። ቦታው ደሴ፣ ቀኑ የኅዳር የመጀመሪያው ቅዳሜ። ጠዋት ኤግዚቢሽን፣ ከሰዓት በኋላ ሙዚቃ፣ ከዚያ ቡና። ወረቀቱ ሐሙስ ለከተማው ባህልና ቱሪዝም መምሪያ ይገባል። እስከ ረቡዕ ማታ ጻፉ፣ እኔ እያስተካከልኩ እለጥፋለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦
እኔ ስለ ወጪው ልናገር። የሳውንድ ሲስተም ኪራይ አለ። ጄኔሬተር አለ። ከባቲና ከአምባሰል ለሚመጡት ባለሙያዎች ትራንስፖርት፣ አበልና ማደሪያ አለ። ካዝናችን ይሄን ሁሉ አይችልም። ስለዚህ የፊት ሁለት ረድፍ ቪአይፒ ይሁንና በደህና ዋጋ እንሽጠው። ሶፋ እናስገባለታለን። ነጋዴዎቹ እንደሚገዙ አውቃለሁ።

የሸዋ በሩ፦
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና በዚህ አልስማማም። የእርስዎን ድካም አውቃለሁ፣ ሒሳቡ ሁሌም እርስዎ ላይ ነው የሚወድቀው። ግን ደሴ ላይ ተቀምጠን ቪአይፒ ስንል አይጠየፍ ምን ይለናል? ንጉሥ ሚካኤል ያንን አዳራሽ ለግብር ሲያሠሩ ስሙ የወጣለት ድሃ ሀብታም ሳይባል ሁሉም ገብቶ አብሮ ስለሚበላበት ነው። እኛ በዚያው ከተማ ገመድ ዘርግተን «አንተ ወዲህ፣ አንተ ወዲያ» ልንል ነው?

ሌላም ነገር አለ። ማሲንቆ እኮ ድምጿ ቀጭን ናት፣ ሩቅ አትሄድም። በደንብ የሚሰማት ፊት የተቀመጠ ሰው ነው። ያንን ቦታ ለሶፋ ከሰጠነው ልጆቹ ከኋላ ቆመው የሚሰሙት የስፒከር ጩኸት ነው።

በአንድ ዝግጅት ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ፣ የየት እንደሆነ ይቆየን። ባለማሲንቆው አባት ከመድረኩ ጀርባ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሲቃኙ አጠገባቸው ነበርኩ። የደጋኑን ጭራ እጣን አሹት። ጆሯቸውን ወደ ቆዳው ጠጋ አድርገው አንዴ ሳብ አደረጉ፣ መቃኛውን በትንሹ ጠመዘዙ፣ ደግመው ሳብ አደረጉ። ሦስት አራት ጊዜ እንዲህ ሲሉ ቆዩና ፊታቸው ፈታ አለ። በቃ፣ ተቃኝታለች ማለት ነው። ከዚያ መድረክ ወጡ፣ ሳውንድ የያዘው ልጅ ኪቦርዱን ለቀቀው፣ እኔም ከዚያ በኋላ የሳቸውን ክንድ ሲመላለስ አየሁ እንጂ አንድም ድምፅ አልሰማሁም። ጎኔ የቆመ ትንሽ ልጅ አባቱን «እውነት እየተጫወቱ ነው?» ብሎ ጠየቀው። አባትየው መልስ አልነበረውም። ያ ጥያቄ እስከዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ስለዚህ የኔ ሐሳብ፦ ፊት ለፊት ምንጣፍ ይነጠፍ፣ ልጆችና ሽማግሌዎች እዚያ ይቀመጡ። ከነሱ ኋላ የቅሬያችንን፣ ማለት የዕድራችንን፣ አግዳሚዎች እንደርድር። አንድ ማይክ ለማሲንቆ፣ አንድ ለክራር፣ አንድ ለዋሽንት፣ አንድ ለድምፃዊ። ኪቦርድ ይቅር።

ከባቲ፦
ወላሂ ልክ ነህ። ኪቦርዱ መቅረቱን በፕሮፖዛሉ ላይ በግልጽ ጻፉት፣ አለበለዚያ የዕለቱ ዕለት አንዱ ይዞት ይመጣል።

እኔ ስለ ሙዚቃው አንድ ነገር ልጨምር። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ እያልን አራቱን የዜማ ቅኝት በየንግግሩ እንጠራለን። ሁለቱ ስማቸው ራሱ የኛ አገር ነው። ግን እህቴን ጨምሮ ስንቱ ወጣት የማሪቱ ለገሰን አምባሰል ቤት ውስጥ ሲሰማ አድጎ፣ ከባቲ ለይተህ ንገረኝ ብትለው ዝም ይላል። አይፈረድበትም፣ ጎን ለጎን አድርጎ ያሰማው ሰው የለም።

እንዲህ እናድርግ። አንድ ግጥም እንምረጥ። ያንኑ ግጥም ያው ድምፃዊ፣ በዚያው ማሲንቆ፣ መጀመሪያ በትዝታ ይበለው፣ ቀጥሎ በባቲ፣ ቀጥሎ በአምባሰል፣ መጨረሻ በአንቺሆዬ። ቃሉ አይለወጥም። ያን ጊዜ የሚለወጠው ነገር ምን እንደሆነ ሕፃንም ይገባዋል። ከዚያ በኋላ ነው መደበኛው ዘፈን የሚጀምረው። ለሙከራ የሚሆን አሁን የገጠምኳት አለች፦

ሰኞ ገበያ ላይ አይቼሽ ነበረ፣
እኔ ቤቴ ገባሁ ልቤ እዚያው አደረ።

የተሻለ ያለው ያምጣ።

የሐይቋ፦
ግጥሟ ትሁን፣ እኔ ወድጃታለሁ። በትዝታ ስትባል ማልቀሴ ነው።

ወደ ኤግዚቢሽኑ ልምጣ። የሥዕል ነገር ቀላል ነው፣ ወጣቶቹ ሠዓሊዎች ሥራቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ ግድግዳ ብቻ ነው የሚፈልጉት። የኔ ሐሳብ ያለው የቤት ዕቃው ላይ ነው። በ2014 ዓ.ም. የደሴ ሙዚየም ሲዘረፍ የደረሰብንን ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያ ወዲህ ሰው ያለውን ነገር አውጥቶ ለማሳየት ይፈራል። እናቴ እንኳ የአያቴን ሙዳይ በነጠላ ጠቅልላ፣ ጤፍ ዕቃ ውስጥ ቀብራ ነው ያተረፈቻት። ክዳኗ ላይ ያለው ቀይ ስንደዶ ደብዝዟል፣ አንድ ጎኗ ተፈትቷል፣ ውስጧ ግን እስካሁን አሪቲ አሪቲ ይላል። «ለኤግዚቢሽን አውሺኝ» ብላት አትሰጠኝም። እውነቷን ነው።

ስለዚህ ዕቃ አንሰብስብ። ባለቤቱ ራሱ ጠዋት ይዞት ይምጣ፣ አጠገቡ ይቀመጥ፣ ለሚጠይቀው ሰው ይንገር፣ ማታ ይዞት ይግባ። የመስታወት ሳጥንም ጠባቂም አያስፈልገንም። እናቴን እንዲህ ብዬ ጠየቅኳት፣ «እኔ ካለሁበት እመጣለሁ» አለችኝ።

ጸሐፊ፦
እህቴ፣ ይሄ ገብቷል። እንዳለ ነው የምጽፈው። ስንት ሰው ይመጣል ብለን እንያዝ?

የሐይቋ፦
አሥራ አምስት ሰው ከሞላ ይበቃል። ስልክ እየደወልኩ እጠይቃለሁ። እጆቻቸው ገና የሚሠሩትንም አስቡ። ስፌት እየሰፋች የምታሳይ እናት፣ ጥጥ የምትፈትል፣ ጀበና የምትሠራ።

የቦረናው፦
እኔ ዘግይቼ ነው ያየሁት፣ ኔትወርክ አስቸግሮኝ። በረቂቁ ላይ «መንዙማ» ከዘፈኖቹ መሃል ተጽፎ አይቻለሁ። ልጆቼ፣ ይሄንን አውጡት። መንዙማ ዱዓ ነው፣ ጭፈራ መሃል አይገባም። የመዝሙሩም ነገር እንደዚያው ነው፣ ካህናቱን ብትጠይቁ እንደኔው ነው የሚሏችሁ። ማንም ቅር ሳይለው ማክበር ይቻላል።

እንዲህ ብታደርጉ ደስ ይለኛል። መክፈቻው ላይ ከሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ይመርቁ፣ በወዳጃ፣ በጋራ ዱዓችን እንደሚደረገው፣ ሁሉም እጁን ዘርግቶ አሚን ይበል። የመንዙማውን ነገር ደግሞ ኤግዚቢሽኑ ይያዘው። እኔ ዘንድ የአባቴ ደብተር አለ፣ አማርኛው በዐረብ ፊደል የተጻፈ አጀሚ ነው። ጠርዙ በጭስ ጠቁሯል፣ ሲቀራ ጀበናውም ጫቱም ጭሱም አጠገቡ ስለነበረ። አንዳንዱ ገጽ ላይ የአባቴ አውራ ጣት የነካው ቦታ ለይቶ ያብረቀርቃል። እሱን ይዤ እመጣለሁ። ማንበብ የሚፈልግ ወጣት ካለ አስነብበዋለሁ።

የሸዋ በሩ፦
አባቴ፣ አላህ ዕድሜ ይስጥልን። በረቂቁ ላይ መንዙማን ዘፈን መሃል ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ አጥፍቻለሁ። ወጥቷል።

ሰዓቱንም እንየው። ዙሁር ካለቀ በኋላ 8 ሰዓት ብንጀምር፣ ለአስር ሶላት እረፍት ብንሰጥ፣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ እንጨርሳለን። ማታ አናድርገው። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፣ የኅዳርን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ምንጣፍ ላይ የተቀመጡት አባቶች ይታመሙብናል። ከኮምቦልቻ የሚመጡትም 25 ኪሎ ሜትር ያንን ጠመዝማዛ በጨለማ ባይወርዱት ጥሩ ነው።

ከኮምቦልቻ፦
እናመሰግናለን፣ እኔም ልለው ነበር። የምግቡን ነገር ማን ያዘው? ሥጋ ካለ የእስላም የክርስቲያን ተብሎ ሁለት ቦታ ይታረዳል፣ ሁለት ቦታ ይሠራል፣ ሁለት ቦታ ይቀርባል። በሠርግ ያምራል፣ ለኛ ግን ሰውም ጊዜም አይበቃንም። የጽጌን ጾም የሚጾሙም አሉ።

የሐይቋ፦
ሥጋ ይቅር። ድፎ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ቡና። ቅቤም አይግባ። ሁሉም ከአንድ ሰፌድ ይዘግናል። ድፎውን እኛ የሐይቅ ሴቶች ጋግረን እናመጣለን፣ ጤና አዳሙንም ጭምር።

ከአዲስ አበባ፦
ጋሼ ገንዘብ ያዥ፣ የቪአይፒው ገንዘብ የቱን ወጪ ሊሸፍን ነበር? ባለሙያዎቹን ከሆነ፣ እዚህ ያለነው አባላት ትራንስፖርታቸውን፣ ማደሪያቸውንና አበላቸውን እንያዝ። ትናንት ተደዋውለናል። አበሉ ደግሞ በዕለቱ፣ በእጃቸው ይሰጣቸው። «ከሳምንት በኋላ ኑ» የሚባል ነገር አይኑር፣ እኚህ ሰዎች በዚህ ብዙ ተጎድተዋል።

ገንዘብ ያዥ፦
እሱን ከያዛችሁልኝ ሌላው ይቀለኛል። ቪአይፒው ይቅር። ግን መግቢያው በነፃ አይሁን፣ ሰው የከፈለበትን ነገር ያከብራል። ለሁሉም እኩል ዋጋ፣ አነስተኛ፣ ለልጆችና ለአዛውንት ነፃ። የሙዚቃ መሣሪያዎቹ ሲቀንሱ ሳውንዱም በትንሹ ይበቃል፣ ዋጋ አነጋግራለሁ። ምንጣፍ ደግሞ እኔ ቤት ሁለት ትልልቅ አሉ።

ጸሐፊ፦
እሺ፣ አሁን ወደ ወረቀቱ የሚገባው እንዲህ ሆኗል፦

«ማህበራችን በኅዳር የመጀመሪያው ቅዳሜ በደሴ ከተማ የአንድ ቀን የጥበብ ዝግጅት ለማድረግ አቅዷል። ዝግጅቱ ከሁለቱም እምነት ሽማግሌዎች በሚሰጥ ምርቃት ይከፈታል። ጠዋት ነዋሪዎች የቤታቸውን ቅርስ ራሳቸው ይዘው ቀርበው ለጎብኚ ያስረዳሉ፣ ወጣት ሠዓሊዎችም ሥራቸውን ያሳያሉ። ከሰዓት በኋላ ከ8 ሰዓት ጀምሮ አንድ ግጥም በአራቱ ቅኝቶች ይቀርባል፣ ቀጥሎም ባለሙያዎች በማሲንቆ፣ በክራር፣ በዋሽንትና በከበሮ ብቻ ይጫወታሉ። ኪቦርድና የተቀዳ ሙዚቃ አይኖርም። በገንዘብ የሚለይ መቀመጫ አይኖርም።»

ከመምሪያው የምንጠይቀው አዳራሽ፣ የመብራት መስመርና የጸጥታ ድጋፍ ነው። አይጠየፍን የጠየቃችሁ ሁለት ሰዎች አላችሁ፣ ገብቶኛል። ግን ያ ቤት ራሱ ቅርስ ነው፣ ሽቦና ስፒከር ባናስገባበት ይሻላል። የትምህርት ቤት አዳራሽ እጠይቃለሁ። የቀረ ነገር ያለው?

ከባቲ፦
አንድ ብቻ። ባለማሲንቆው ሰኞ የባቲ ገበያ ላይ መገኘት አለባቸው፣ ከብት የሚሸጡት ያን ቀን ነው። ስለዚህ እሑድ ጠዋት የሚመልሳቸው መኪና ከአሁኑ ይያዝ። ማሲንቋቸው አውቶቡስ ጣራ ላይ እንዳትጫን፣ ባለፈው ቆዳዋ የተቀደደው እንደዚያ ነው።

ጸሐፊ፦
ተያዘ። ማሲንቆዋ ጋቢና ትሄዳለች።