አባዬ በቆሎውን በድርብ ከረጢት እንዲያስቀምጥ እንዴት ላሳምነው?

ጣና ዳር፦
ሰላም ናችሁ? እኔ ባሕር ዳር ነው የምሠራው፣ ቤተሰብ ሜጫ ነው፣ ከመራዊ ወጣ ብሎ። አምና ክረምት ማዳበሪያውን ስንፈታ በቆሎው ግማሹ ዱቄት ሆኖ ጠበቀን። ዘገን ስታደርጉት ነቀዙ በጣታችሁ መሃል ይርመሰመሳል። ዘንድሮ አየር የማያስገቡትን ባለሦስት ድርብ ከረጢቶች፣ አራት ገዝቼ ሄድኩ። አባዬ አገላብጦ አያቸውና «እህል ታፍኖ ይሻግታል እንጂ ይድናል?» ብሎ ጥግ ላይ ወረወራቸው። እሱ የሚያምነው እህል ውስጥ የሚከተተውን የነቀዝ ኪኒን ነው። ምን ልበለው?

ቆጋ ማዶ፦
አባትህ እኮ አልተሳሳተም። እርጥብ በቆሎ ከታፈነ ይሻግታል። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ቸኩዬ ሳይደርቅ ከትቼ፣ ስከፍተው ሽታው ከቤት አስወጣኝ፤ ለከብት እንኳ አልሆነም። አሁን በጨው ነው የምለካው። ደረቅ ጠርሙስ ሲሶውን በቆሎ ሙላ፣ ሁለት ሦስት ማንኪያ ደረቅ ጨው ጨምርበት፣ ክደንና አንድ ደቂቃ ያህል ናጠው፣ ከዚያ ሩብ ሰዓት ተወው። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ ገና ነው፣ መልሰህ አስጣው። ናጩ ግን አባትህ ይሁን።

የፎገራዋ፦
ለእናትህስ ነግረሃታል? ኪኒኑ መርዛም ጋዝ ነው የሚያወጣው። እህሉና ልጆቹ አንድ ጣሪያ ሥር በሚያድሩበት ቤት ሰው ይገድላል። እኛ ቤት ነገሩን የጨረሰችው እማዬ ናት።

የልማት ጣቢያ ሠራተኛ፦
አራቱንም ሙላ ብለህ አትጨቅጭቀው። አንዱን ብቻ ይሙላ፣ የቀረውን እንደልማዱ ያድርግ፣ ሰኔ ላይ ጎረቤት ጠርታችሁ ሁለቱንም ክፈቱ። እኛ ስብሰባ ላይ ስናወራ የሚያንቀላፋ ገበሬ የሰውን እህል በእጁ ሲዘግን ነው የሚነቃው (ሃያ ጊዜ አይቻለሁ)። የውስጦቹን ሁለት ላስቲኮች ለየብቻ ጠምዝዛችሁ፣ አጥፋችሁ፣ ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩ፤ የውጩን በመጨረሻ። ነቀዙ አየር አጥቶ ነው የሚሞተው፣ ስለዚህ በየሳምንቱ ከፈታችሁት ከንቱ ነው። ለዕለት የሚበላው ሌላ ቦታ ይሁን። ከግድግዳ አርቁት፣ አይጥ ከበሳችው አለቀ። ከተራ ማዳበሪያ ይወደዳል፣ እውነት ነው፣ ግን ካልተቀደደ ለከርሞም ያገለግላል።

ጣና ዳር፦
ቅዳሜ ጠርሙሱን ሞከርነው። ጨው ተለጠፈ። አባዬ «አላልኩህም?» ብሎ ሳቀብኝ። በቆሎውን ግን ራሱ አውጥቶ አሰጣው፤ ዛሬ ጠዋት ደግሞ ደውሎ ጠርሙሱን የት እንዳስቀመጥኩት ጠየቀኝ።