የተንጋደደ ባለ አራት ጎን ቦታ ስንት ካሬ ነው? ታንከሩስ ስንት ሊትር ይይዛል?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ስሌት አምታቶኛል። አንደኛው ባለ አራት ጎን ቦታ ነው፤ ማዕዘኖቹ 90 ዲግሪ አይደሉም። ዙሪያውን በተርታ ስንለካ 18፣ 12፣ 16 እና 14 ሜትር መጣ። ተቃራኒ ጎኖቹን ደምሬ ለሁለት እያካፈልኩ ሳባዛ 17 × 13 = 221 ካሬ ሜትር ይሆናል። አብሮኝ የለካው ሰው ግን «200 እንኳ አይሞላም» አለ። ሁለተኛው ቆሞ የተቀመጠ ክብ የውሃ ታንከር ነው፤ ወርዱ 1.40፣ ቁመቱ 1.60 ሜትር። 3.14 × 1.4 × 1.4 × 1.6 ብዬ ወደ 9,850 ሊትር አገኘሁ። በዓይን ሲታይ ግን ያን ያህል የሚይዝ አይመስልም።

ሜትር ያዥ፦
አራቱን ጎን ብቻ ይዞ ስፋት ማውጣት አይቻልም። አራት እንጨት ጫፍ ለጫፍ በአንድ አንድ ሚስማር አያይዝና አንዱን ጥግ ግፋው፤ እንጨቶቹ አያጥሩም አይረዝሙም፣ መሃሉ ግን እየጠበበ ይሄዳል። ማዕዘኖቹን በተርታ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ በላቸው፤ ሀለ 18 ሜትር ይሁን። ከሀ እስከ ሐ ያለው ዲያጎናል 20 ሜትር ከሆነ ቦታው ወደ 218 ካሬ ነው፤ 26 ከሆነ 192 እንኳ አይሞላም። የጎኖቹ ልክ ግን በሁለቱም ያው ነው።

የአማካይ ዘዴው ልክ የሚሆነው ለሬክታንግል ብቻ ነው። በሌላው ሁሉ ያስበልጣል እንጂ አያሳንስም (ሻጭ ቢወደው አይገርምም)። ተመለስና ዲያጎናሉን ለካ።

ጠያቂ፦
ከሀ እስከ ሐ 26 ሜትር ሆነ።

ሜትር ያዥ፦
እንግዲያው ቦታው ሁለት ጎነ ሦስት ሆነ፤ ለእያንዳንዱ የሄሮንን ቀመር (ከሦስቱ ጎኖች ልክ ብቻ ስፋት የሚያወጣውን) ተጠቀም። የመጀመሪያው 18፣ 12፣ 26 ነው። ድምሩ 56፣ ግማሹ 28። ከ28 ላይ እያንዳንዱን ጎን ስትቀንስ 10፣ 16 እና 2 ይቀራል። 28 × 10 × 16 × 2 = 8,960፤ ስኩዌር ሩቱ 94.66። ሁለተኛው 26፣ 16፣ 14 ሲሆን ግማሽ ድምሩ እንደ አጋጣሚ ያው 28 ነው፤ 28 × 2 × 12 × 14 = 9,408፤ ስኩዌር ሩቱ 96.99። ሲደመር 191.65 ካሬ ሜትር። አብሮህ የለካው ሰው ልክ ነው።

ጥግ ለጥግ፦
ስሌቱ ትክክል ነው፤ እኔ የማላምነው ሜትሩን ነው። 26 ሜትር ላይ የተዘረጋ ሜትር መሃሉ ላይ ይረግባል፣ ወይም ቁጥቋጦ ይገፋዋል፤ ያኔ ከእውነቱ አስበልጦ ያነባል። እዚህ ቦታ ላይ ዲያጎናሉ 20 ሴንቲ ሜትር በልጦ ቢነበብ ስፋቱ 3 ካሬ ይጎድላል። ምክንያቱም ሁለቱም ጎነ ሦስቶች ጠፍጣፋ ናቸው፤ 18 እና 12 ተደምረው 30 ነው፣ ዲያጎናሉ 26። ስለዚህ ሌላውን ዲያጎናል፣ ከለ እስከ መ፣ ለካ። ልኬቶችህ ትክክል ከሆኑ 15.45 ሜትር አካባቢ መምጣት አለበት። በጣም ከራቀ ከጎኖቹ ወይም ከዲያጎናሎቹ አንዱ ልኬት ተሳስቷል ማለት ነው፤ ስሌቱን ትተህ እንደገና ለካ። ከመጣ ደግሞ በዚሁ በአጭሩ ዲያጎናል አስላ፤ በእሱ ላይ ያው 20 ሴንቲ ስህተት ከ2 ካሬ በታች ነው የሚያዛባው። ቦታው ተዳፋት ከሆነ ሜትሩን አግድም ወጥረህ ያዝ፣ መሬቱን ተከትለህ አትዘርጋ።

ግማሽ ወርድ፦
ታንከሩን ማንም አልነካውም። የክብ ስፋት የሚወጣው በሬዲየስ ነው፣ ማለትም በወርዱ ግማሽ። የገባው ሙሉው ወርድ ነው፤ ሬዲየሱ በራሱ ስለሚባዛ መልሱ እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ሆነ። 3.14 × 0.7 × 0.7 × 1.6 = 2.46 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 2,460 ሊትር ያህል።

እሱም ቢሆን 1.40 የውስጥ ወርድ ከሆነ ነው። ግድግዳው 5 ሴንቲ ውፍረት ያለው ሲሚንቶ ሆኖ ከውጭ ከተለካ፣ የውስጡ 1.30 ይሆንና ይዘቱ ወደ 2,120 ሊትር ይወርዳል። ቁመቱም እስከ ክዳኑ ሳይሆን ውሃው ሞልቶ እስከሚፈስበት ቱቦ ድረስ ነው የሚለካው።

ጠያቂ፦
ገባኝ፣ አመሰግናለሁ። ያው ታንከር በጎኑ ቢጋደምና ውሃው 35 ሴንቲ ላይ ቢሆን፣ የ1.40 ሩብ ስለሆነ ሩብ ታንከር ውሃ አለ ልበል?

ግማሽ ወርድ፦
አይባልም። የተጋደመ ሲሊንደር ከታች ጠባብ ነው፤ በወርዱ ሩብ ላይ ያለው ውሃ ከጠቅላላው 19.6 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ሩብ ቢሆን 615 ሊትር ነበር፤ እውነቱ ግን 480 አካባቢ ነው። ግማሽ ላይ ሲደርስ ብቻ ግማሽ ይሆናል።