የባሕር ዳርና የጥልቅ ባሕር የዓሣ እጭ፦ ቁጥሩ እኩል ወጣ፣ ምን ልበል?

ከዚራ፦
ድሬዳዋ ላይ የምንቆጥረው ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ (ጅቡቲ) የመጣ ናሙና ነው። ቦንጎ መረብ፣ አፉ 60 ሳ.ሜ.፣ ቀዳዳው 500 ማይክሮን። ዳር ላይ እስከ 30 ሜትር፣ ውጭ እስከ 200 ሜትር ወርዶ በሁለቱም ቦታ 1000 ሜትር ተጎትቷል። የአንዱን መረብ ብቻ ስቆጥር ከሁለቱም ቦታ 85፣ 85 እጭ ወጣ። ልዩነት የለም ብዬ ልጻፍ? ደግሞ ዳር ላይ የፋኖስ ዓሣ (ገላው ላይ ብርሃን የሚሰጡ ነጥቦች ያሉት የጥልቅ ባሕር ዓሣ) እጭ አለ፤ ጠርሙስ ተቀያይሮ ይሆን?

ሳቢያን፦
እንዳትጽፍ! የአፉ ስፋት 0.283 ካሬ ሜትር ስለሆነ ያጣራኸው 283 ሜትር ኩብ ነው። በ1000 ሜትር ኩብ ሲሰላ ሁለቱም ጋ 300 እጭ። በጥልቀቱ ስታባዛው ግን በ10 ካሬ ሜትር የባሕር ገጽ ሥር ዳር ላይ 90፣ ውጭ 600 ይሆናል። ሁለቱንም አሃዝ አስቀምጥ።
1000 ሜትሩ ከመርከቧ ፍጥነት የተገመተ ከሆነ ግን ስሌቱ ሁሉ ውድቅ ነው። ዳር ላይ ፕላንክተን (ውሃው ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጥረታት) መረቡን ይደፍናል፣ ውሃው ሳይገባ አፉ ላይ ይገፋል። የፍሎሜትሩን (በመረቡ አፍ ያለፈውን ውሃ የሚለካውን መሣሪያ) ንባብ ፈልግ። ሰዓቱንም እይ፤ ትልልቆቹ እጮች በቀን መረቡን አይተው ይሸሻሉ። አንዱ በቀን ሌላው በሌሊት ከተጎተተ የምታወዳድረው ቦታን ሳይሆን ብርሃንን ነው።

ጀጎል፦
ከብዛቱ ይልቅ እነማን እንደሆኑ ቁጠር። ጎቢና ብሌኒ የሚባሉት ትናንሽ ዓሦች እንቁላላቸውን ድንጋይ ወይም ዛጎል ላይ ለጥፈው ስለሚጠብቁ እጫቸው ዳር ላይ ይበዛል፤ የሰርዲንና የአንቾቪ እጭም ዳር ላይ ይበዛል። ውጭ የሚያይለው ፋኖስ ዓሣና ቪንሲጉዌሪያ የሚባለው ትንሽ የጥልቅ ባሕር ዓሣ ወገን ነው፤ ወላጆቹ ቀን ቀን ጥልቁ ውስጥ ይውላሉ።
ፋኖስ ዓሣው ዳር መገኘቱ ጠርሙስ ተቀየረ አያሰኝም። እዚያ ጥልቁ ለባሕሩ ዳር ቅርብ ነው፣ የባሕር ጅረት ይዞት ይገባል። ልየታውን ግን ድገመው፤ የብርሃን ነጥቦቹን አትጠብቅ፣ አብዛኞቹ ዘግይተው ነው የሚወጡት። የአንዳንዶቹ ዓይን ሞላላ ነው። ሰርዲንና አንቾቪ ካምታቱህ ክንፋቸው የወጣውን እይ፦ አንቾቪ ላይ የጀርባው ክንፍ መጨረሻ ከፊንጢጣው ክንፍ መነሻ በላይ ይደርሳል፣ ሰርዲን ላይ በመካከላቸው ክፍተት አለ።

ከዚራ፦
ያጠራጠሩኝን በዲኤንኤ ብለያቸውስ? ሁሉም 5% ፎርማሊን ውስጥ ነው ያለው።

ሳቢያን፦
ፎርማሊን ዲኤንኤውን ያበላሻል፣ በእሱ አትድከም። ቦንጎ ጎን ለጎን ሁለት መረብ ያለው መሆኑ ለዚህም ይጠቅማል፦ በሚቀጥለው ዙር የአንዱን ፎርማሊን፣ የሌላውን 95% ኤታኖል ውስጥ አድርጉ። እጩና ፕላንክተኑ ከጠርሙሱ ሲሶ አይለፍ፤ ኤታኖሉም በ24 ሰዓት ውስጥ ይቀየር፣ ከናሙናው የሚወጣው ውሃ ያቀጥነዋል። በድሬ ሙቀት ክዳኑ ካልጠበቀ ደግሞ ይተናል። ፎርማሊኑ ውስጥ ቦራክስ መኖሩንም አረጋግጥ፤ አሲድ ከሆነ የጆሮ ድንጋዩን ያሟሟዋል፣ ዕድሜ መቁጠር አበቃ።