«ሳዙን ብታነሱለት ልቅሶ ብቻ ነው» ላልከው

የሌሊት አንባቢ፦ ትናንት እዚህ አንዱ «የቱርክ የገጠር የፍቅር ግጥም ሳዙን ብታነሱለት ልቅሶ ብቻ ነው» ብሎ ጻፈ፣ ስንቱም ወደደለት። ሳዝ ማለት እነሱ ለዘፈን የሚመቱት አንገተ ረጅም የክር መሣሪያ ነው። ተናድጄ ነው ያደርኩት። የቱርኩ የሕዝብ ገጣሚ ካራጃኦላን በ17ኛው ክፍለ ዘመን «ስስ በረዶ ይወርዳል፣ ኤሊፍ ኤሊፍ እያለ ይበናል» ብሏል። በረዶው ሳይቀር የልጅቷን ስም ሲጠራ! የቱ ጋ ነው ልቅሶው?

ቀጥታ፦ ያልኩት እኔ ነኝ፣ አልሸሽም። አንድ ኤሊፍ አመጣህ። ዘፋኙን ኔሼት ኤርታሽን ስማው እስቲ። እሱ የሚዘፍነው ቦዝላክ የሚባለው የዜማ ዓይነት ስሙ ራሱ ከግመል ጩኸት የመጣ ነው። አንጀት የሚበላው ድምፁና ሳዙ ነው። ቃሉ ወረቀት ላይ ሲሰፍር ፍዝዝ ይላል።

ሰናይት ነኝ፦ «ልቅሶ»ን እንደ ስድብ አትጠቀምበት። አሺክ ቬይሰል (አሺክ ማለት ሳዝ እየመታ የሚዘፍን የሕዝብ ገጣሚ ነው) በ7 ዓመቱ በፈንጣጣ አንድ ዓይኑን፣ ኋላም በአደጋ ሌላውን ያጣ ሰው ነው። «ይህ በኔ ያለው ፍቅር ባይኖር ውበትሽ አሥር ፓራ አያወጣም» አለ፤ ፓራ የድሮ ሳንቲም ነው። ያለ ሳዝ አንብቤው ሁለት ቀን ከራሴ አልወጣም።

የሳሪስ ልጅ፦ ቆይ፣ ይሄ ፍቅር ነው? ሴትን «አሥር ፓራ አታወጪም» ማለት? ሚስቱ ጥላው ሄዳ ነበር እኮ። እኔን ቂም ነው የሚሸተኝ።

ሰናይት ነኝ፦ «አታወጪም» የት አለ? «ውበትሽ» ነው ያለው። ቃሉን አትቀይሪበት። ደግሞ ግጥሙን ከሚስቱ ጋር ማን አገናኘው?

የሳሪስ ልጅ፦ ውበቷ የሷ አይደለም እንዴ? የሱ ፍቅር ካልመዘነው ዋጋ የለውም ማለት ነው?

ኢስታንቡል ያለሁ፦ ሚኒባስ ውስጥ ኤርታሽ ሲከፈት ሹፌሩ ወሬውን ያቆማል። ከንፈሩ ግን ቃሉን እየተከተለ ይንቀሳቀሳል። ሳዙን ብቻ የሚሰማ ሰው ከንፈሩ ለምን ይንቀሳቀሳል?

ቀጥታ፦ አብሮ እየዘፈነ ነዋ! ያልኩትን ነው ያልክልኝ።

የሌሊት አንባቢ፦ የካራጃኦላንን ድምፅ የቀረጸ የለም። ሳዙም አብሮት ሄዷል። የቀረን ቃሉ ነው፣ በየስንኙ 8 ወይም 11 ቀለም። ከ300 ዓመት በላይ በሰው አፍ ኖሮ እዚህ ደረሰ።

ቀጥታ፦ በሰው አፍ ሲኖር እየተዘፈነ ነው የኖረው። ሳዝ ሳይዝ የተሻገረ አሺክ አምጣልኝ።

ሰናይት ነኝ፦ የሳሪስ ልጅ፣ ይህን ብቻ ልበልሽ። ሰውየው ፊቷን በዓይኑ አያይም። ውበቷን የሚያውቀው በውስጡ ባለው ነገር ብቻ ነው። ለኔ ከዚህ በላይ ሴትን ያከበረ ስንኝ የለም።

የሳሪስ ልጅ፦ አዝኜለታለሁ። አሥር ፓራውን ግን አሁንም አልተቀበልኩም።