ኮምፒውተሬ የካሜራዬን ካርድ «ፎርማት ይደረግ» እያለኝ ስለተቸገርሁ እርዳታችሁን እጠይቃለሁ

ባለፈው ጥር በእህቴ ሠርግና መልስ ላይ ያነሣኋቸው 900 ያህል ፎቶዎች 64 ጊጋባይት በሚይዝ የኤስዲ ካርድ ውስጥ ይገኛሉ፤ ካርዱን በካርድ ማንበቢያ ከኮምፒውተሬ ጋር ሳገናኘው ግን ዲስኩን ከመጠቀሜ በፊት ፎርማት ማድረግ (ማለትም በውስጡ ያለውን አጥፍቶ እንደ አዲስ ማዘጋጀት) እንዳለብኝ የሚገልጽ መልእክት ይመጣል። ካርዱን መልሼ ካሜራው ውስጥ ስከተው ፎቶዎቹ በሙሉ፣ እናቴ ሙሽራዋን ስትመርቅ የተነሣችው ጭምር፣ ያለ እንከን ይታያሉና ካርዱ ተበላሽቷል ብዬ አላምንም።

ማንበቢያው ከ10 ዓመት በላይ ያገለገለ ሲሆን «ኤስዲኤችሲ» የሚል ጽሑፍ አለበት፤ ይህ ዓይነቱ እስከ 32 ጊጋባይት ለሚይዙ ካርዶች የተሠራ መሆኑን፣ የእኔ ካርድ ግን ኤክስፋት በተባለው የፋይል አደረጃጀት የሚሠራ፣ ኤስዲኤክስሲ የተባለ ከዚያ በላይ የሚይዝ ዓይነት መሆኑን አንብቤአለሁ። የካሜራው ገመድ ስለጠፋብኝ በቀጥታ ላገናኘው አልቻልሁም። አንድ የፎቶ ቤት ሠራተኛ ካርዱን ፎርማት አድርጌ ፎቶዎቹን በኋላ በማስመለሻ ፕሮግራም እንዳወጣቸው መክሮኝ ነበር፤ ሌላ ቅጂ ስለሌለኝ ፈጽሞ አልደፈርሁም።

አዲስ ማንበቢያ ብገዛ ችግሩ ይፈታልኛል ወይስ ኮምፒውተሩ ላይ መስተካከል ያለበት ነገር አለ? ካሜራው ፎቶዎቹን የሚያስቀምጥበትን ዲሲአይኤም የተባለውን አቃፊ ከመቅዳቴ በፊትስ በካርዱ ጎን ያለችውን መቆለፊያ ብዘጋት ፎቶዎቹን በስሕተት ከመሰረዝ ትጠብቅልኛለች?