የተጀመረው ይጠናቀቅ ወይስ አዲሱ ይጀመር? ክርክር ስለ ባሕር ዳር ስታዲየምና ስለ መሀል ከተማ አዳራሽ

አወያይ፦
ጤና ይስጥልን ወገኖች። የዚህ ሳምንት የክርክር ርዕስ ከራሳችሁ የመጣ ነው። የተወሰናችሁ አባላት ደብረ ማርቆስ መሀል ከተማ ላይ ለቤት ውስጥ ስፖርት፣ ለኮንሰርት፣ ለባዛርና ለጉባኤ የሚሆን ሁለገብ አዳራሽ እንዲሠራ፣ አገር ቤት ያለውም ውጭ ያለውም የጎጃም ተወላጅ እንዲያዋጣ ሐሳብ አቅርባችኋል። ሌሎቻችሁ ደግሞ በ2000 ዓ.ም. የተጀመረው የባሕር ዳር ስታዲየም ይህን ያህል ዘመን ሲጓተት እያየን ሌላ የመሠረት ድንጋይ ማስቀመጥ ነውር ነው ብላችኋል። ሁለቱንም ወገን እንስማ። መከባበሩ እንዳይጓደል አደራ።

የማርቆሱ፦
ሐሳቡን ካቀረቡት አንዱ እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ልጀምር። ከማርቆስ ባሕር ዳር በእንጅባራ በኩል 265 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የማርቆስ ልጅ ጨዋታ ለማየት ይህን ያህል መንገድ ሊሄድ አይችልም፤ መንገዱ ሰላም በነበረበት ጊዜም አይችልም ነበር። ክረምቱ ከገባ ሜዳው ሁሉ ጭቃ ነው። ቮሊቦል፣ እጅ ኳስ፣ ቅርጫት ኳስ፣ ቴኳንዶ የሚሠሩ ልጆች እስከ መስከረም ድረስ ወይ የሰው አዳራሽ ይለምናሉ ወይ ቁጭ ይላሉ። መጽሐፍ ሲመረቅም፣ ማኅበር ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠራም፣ ድምፃዊ ሲመጣም የምንጋፋው ለሌላ ሥራ የተሠሩ አዳራሾች ላይ ነው።

ስታዲየም በዓመት ውስጥ ጨዋታ የሚኖርበት ቀን ጥቂት ነው። አዳራሽ ግን ጠዋት ልምምድ፣ ከሰዓት ስብሰባ፣ ማታ ቴአትር እያለ በየቀኑ ይሠራል፤ ኪራይ ያስገባል፤ ለዙሪያው ምግብ ቤትና ሆቴል ገበያ ይሆናል። ባሕር ዳር ቢያንስ ሙሉዓለም የባህል ማዕከል አላት። የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከተማ ምን አላት? የባሕር ዳሩ እስኪያልቅ ጠብቁ ማለት ለእኛ ልጆች ዘላለም ጠብቁ እንደማለት ነው። አባቶች «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ያሉት ለዚህ ነው።

የከነማ ደጋፊ፦
ወንድሜ የማርቆሱ፣ ችግራችሁን አልክድም። ነገር ግን የዚያን ስታዲየም ታሪክ እንደ ባሕር ዳር ጉዳይ ብቻ አትየው። ሰኔ 7 ቀን 2007 ዋልያዎቹ ሌሶቶን 2 ለ 1 ሲያሸንፉ ሰው የመጣው ከሞጣም፣ ከዳንግላም፣ ከቡሬም፣ ከማርቆስም ነው። ከ50 ሺህ በላይ ሰው የሚይዝ ስታዲየም በአገራችን ብርቅ ነበር። ያን ቀን ጣሪያም ወንበርም አልነበረውም፤ ሲሚንቶ ላይ ተቀምጠን ነው ያየነው። ማንም ቅር አላለውም፤ ቀሪው ይሠራል ብለን አምነን ነበርና። መጋቢት 15 ቀን 2013 ማዳጋስካርን 4 ለ 0 ያሸነፍነውና ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተጠጋነው እዚያው ሜዳ ላይ ነው። በዚያው ዓመት ክረምት የሴካፋ (የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ) ከ23 ዓመት በታች ውድድርም እዚያው ተካሄደ።

ከዚያስ? መስከረም 29 ቀን 2014 ደቡብ አፍሪካን አስተናገድን፤ 3 ለ 1 ተሸነፍን። ሽንፈቱ ቀርቶ የባሰው መጣ፤ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ስታዲየሙ መስፈርቱን አያሟላም አለ። በቀጣዩ ወር ከጋና ጋር የነበረንን «የሜዳችንን» ጨዋታ ጆሃንስበርግ ሄደን ተጫወትን። ሰኔ 2 ቀን 2014 ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፍን፤ የት? ሊሎንግዌ፣ ማላዊ ውስጥ። የግብፅን ቡድን ያን ቀን በዓባይ ዳር፣ በራሳችን ሕዝብ ፊት ማሸነፍ እንችል ነበር። ይህ ቁጭት ከውስጤ አይወጣም። የቀረው ሥራ ወንበር፣ መብራት፣ መልበሻ ክፍል፣ ሣር እየተባለ ሲጠራ ቀላል ይመስላል። ቀላል ከሆነ ለምን አላለቀም? አዲስ አዳራሽ ከመጠየቃችን በፊት ይህ ይመለስልኝ።

የሳይት ሰው፦
የከነማ ደጋፊ የጠየቅኸውን ልመልስ፤ የምተዳደረው በሕንፃ ሥራ ነው።

የፕሮጀክት ሪፖርት ሲነበብ «አፈጻጸሙ ይህን ያህል በመቶ ደርሷል» ይባላል። ሕዝቡም መቶኛውን ሰምቶ ትንሽ ቀረው ብሎ ይጠብቃል። ያ መቶኛ የሚሰላው ግን ውል ሲፈረም በነበረው የሥራ ዝርዝርና ዋጋ ነው። የስታዲየም ቁፋሮ፣ አርማታ፣ ፌሮ፣ ደረጃ፣ ማለትም ስትራክቸሩ፣ ቀድሞ የሚሠራና በአገር ውስጥ ዕቃ የሚሠራ ነው። በአሮጌው ዋጋ ሲሰላ አብዛኛውን ድርሻ ይይዛል። የሚቀረው ጣሪያ፣ ወንበር፣ የሜዳ መብራት፣ የድምፅና የካሜራ ሥርዓት፣ የሣሩ የውኃ ማፋሰሻ፣ ኤሌክትሮ መካኒካሉ (የኤሌክትሪክና የሜካኒካል ሥራው) ነው። ይህ በአብዛኛው በዶላር የሚመጣ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑ በገበያ ይወሰን ሲባል አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ስለዚህ በወረቀት ላይ 20 በመቶ ቀረ የሚባል ሥራ በዛሬ ዋጋ እስካሁን ከወጣው ጋር የሚፎካከር ገንዘብ ሊጠይቅ ይችላል። ሥራ ተቋራጩ የዋጋ ማስተካከያ ይጠይቃል፤ አሠሪው በጀት የለኝም ይላል፤ አማካሪው መሀል ላይ ይቆማል፤ ሳይቱ ይቀዘቅዛል። በቀዘቀዘ ቁጥር ዘበኛው ይከፈላል፣ ብረቱ ይዝጋል፣ የተሠራውም ጥገና ይፈልጋል።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። በ2007 በሩ ሲከፈት ሁላችንም ደስ አለን፤ ጨዋታ ከተካሄደበት በኋላ ግን የማጠናቀቁ አስቸኳይነት ከሁሉም ልብ ወጣ። ፎቶ ላይ ያለቀ የሚመስል ሕንፃ በጀት ለመጠየቅ አቅም ያጣል። ግማሽ ላይ ያለ ሥራ መመረቅ የለበትም የምለው ለዚህ ነው። ዓባይ ላይ የተሠራውን አዲሱን ድልድይ እዩ፤ በ2011 ተጀመረ፣ 380 ሜትር ነው፣ ግንቦት 2016 ላይ ተመረቀ። ድልድይ ዳር ሳይደርስ አይመረቅም፤ አይከፈትም። ገንዘቡም እስከ መጨረሻው ይፈለግለታል። የስታዲየም ክፉ ዕጣው ሳያልቅም የሚያገለግል መሆኑ ነው።

የማርቆሱ፣ አዳራሽህም ያው ነው። ምሰሶ የሌለበት ሰፊ ጣሪያ ቀልድ አይደለም፤ ረጅም ብረት፣ ክሬን፣ ልዩ ሙያ ይፈልጋል። ጣሪያው ላይ ብር ካለቀ አራት ግድግዳ ይዛችሁ ትቀራላችሁ። አይሠራ ማለቴ አይደለም። የመጨረሻው ወንበር ድረስ ገንዘቡ ሳይገኝ ዶማ አይነሳ ነው የምለው። ለስታዲየሙም ዛሬ የሚያስፈልገው አዲስ መቶኛ አይደለም፤ የቀረው ሥራ በዛሬ ዋጋ ስንት እንደሆነ ለሕዝብ ይነገር።

መምህርት ከፍኖተ ሰላም፦
ሁላችሁንም አነበብኩ። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ባለው ግጭት ጎጃም ውስጥ ስንት ትምህርት ቤት ተዘግቷል? ስንቱ ተጎድቷል? አንደኛ ክፍል መግባት የነበረባቸው ልጆች ዕድሜያቸው አልፏል። አሥረኛ ክፍል ላይ ያቋረጡ ልጃገረዶች ተድረዋል። እኛ እዚህ ስለ ወንበርና ስለ መብራት እንከራከራለን። ኳስ እወዳለሁ፤ ተማሪዎቼም ይወዳሉ። ግን ከወገን የሚዋጣ አንድ ብር ካለ መጀመሪያ ጠመኔና ጣሪያ ለሌለው ክፍል ይሁን። የስታዲየሙ ዕዳ የመንግሥት ነው፤ መንግሥት ይጨርሰው።

ከካልጋሪ፦
ከጎጃም ወጥቼ የምኖረው ካልጋሪ፣ ካናዳ ነው። እዚህም በአሁኑ ጊዜ መሀል ከተማው ላይ አዲስ የስፖርትና የዝግጅት ማዕከል እየተሠራ ነው፤ ስኮሺያ ፕሌስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1983 የተከፈተውን ሳድልዶምን ይተካል ተብሎ ነው። ክርክሩ ከእኛው ጋር ስለሚመሳሰል ልንገራችሁ።

ሀብታም ከተማ ስለሆነ ነገሩ እንዲሁ ያለቀ አይምሰላችሁ። የመጀመሪያው ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2019 ተፈርሞ ወጪው ሲያድግ በ2021 መጨረሻ ፈረሰ። ሁለተኛው በ2023 ተፈረመ፤ ቁፋሮው በ2024 ሐምሌ ተጀመረ፤ በ2027 ይከፈታል ተብሏል። ጠቅላላ ወጪው 1.22 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር ነው። ከዚህ ውስጥ ከተማው 537 ሚሊዮን ያህሉን ይሸፍናል፤ በማዕከሉ የሚጫወተው የሆኪ ቡድን ባለቤቶች ድርሻቸውን በ35 ዓመት ይከፍላሉ፤ ክፍለ ሀገሩም ለዙሪያው መሠረተ ልማት ይከፍላል። ብዙ ነዋሪ አሁንም ይህን ገንዘብ ለቤትና ለሆስፒታል ብታውሉት ይሻል ነበር እያለ ይቃወማል። የመምህርት ሐሳብ እዚህም አለ ማለት ነው። ልዩነቱ ማን ስንት እንደሚከፍል ተራው ሰው ማወቁ ነው፤ ተቃዋሚው የሚቃወመው በቁጥር ነው። እኛ ደግሞ እርስ በርሳችን የምንከራከረው በግምት ነው። ከዚህ የምናዋጣ ሰዎች ጥያቄያችን አንድ ነው፤ የገንዘቡን መንገድ አሳዩን።

የእንጅባራዋ፦
ስለ ቦታው ማንም አላነሳም። መሀል ከተማ ስትሉ ባዶ ሜዳ አይደለም። ጉልት የሚነግዱ እናቶች፣ የቀበሌ ቤት የሚኖሩ ሽማግሌዎች፣ የጋራዥ ልጆች ያሉበት ነው። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ሰው ከቦታው ከመነሳቱ በፊት ካሳ ይከፈለው ይላል። ይህ ካሳ በአዳራሹ ወጪ ውስጥ ገብቷል? ካልገባ አዳራሹ ገና ሳይጀመር በድሃ ላይ ዕዳ አስቀምጧል።

ሌላም ልጨምር። እኛ ዘንድ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር አዳራሽ አያስፈልገንም፤ ሰፊ ሜዳ ነው የሚያስፈልገን። ያ ማኅበር ከ1932 ጀምሮ ያለ ሕንፃ ሕዝብ ሲሰበስብ ኖሯል። የጎጃም ከተሞች ክፍት ሜዳ በየዓመቱ እየጠበበ ነው። መጀመሪያ ሜዳውን ካርታ አውጥታችሁ አስከብሩ፤ ሕንፃው በኋላ ይደርሳል።

የማርቆሱ፦
እህቴ የእንጅባራዋ፣ ስለ ካሳው ልክ ነሽ፤ ሰው አፈናቅሎ የሚሠራ አዳራሽ እኔም አልፈልግም። የከተማ አስተዳደሩ በእጁ ባለው ይዞታ ላይ ይሁን። በፈረሱ ግን አልስማማም። ፈረስ ግልቢያ ሜዳ ይፈልጋል፤ ቴአትር ጣሪያ ይፈልጋል። የእኛ ልጆች ሁለቱም ይገባቸዋል።

የሳይት ሰው፣ ያልከው ከብዶኛል፤ ሆኖም አንድ ነገር አልመለስክልኝም። ገንዘቡ እስከ መጨረሻው እስኪገኝ እንጠብቅ ካልን ትንሽ ከተማ መቼም ምንም አይሠራም። ባሕር ዳር ስትጀምር ሙሉ ብር ይዛ ነበር? አልነበረም። ጀመረች፣ ግማሹን አገኘች፣ ቢያንስ ለጥቂት ዓመት ሕዝቡ ተጠቀመበት። ለእኛ ሲሆን ነው መስፈርቱ የሚጠብቀው። 50 ሺህ ሰው አላልኩም። ሁለት ሺህ ሰው የሚይዝ፣ አንድ የቅርጫት ኳስ ሜዳ ልክ የሆነ አዳራሽ ነው የምለው።

የሳይት ሰው፦
ሁለት ሺህ ካልክ ነገሩ ይለወጣል። በዚያ ልክ ጣሪያው አገር ውስጥ በሚገጣጠም ብረት ሊሠራ ይችላል፤ ከውጭ የሚመጣው ዕቃም ያንሳል። ግን ስትጽፉ «ዓለም አቀፍ ደረጃውን የጠበቀ» የሚለውን ሐረግ ከሐሳባችሁ አውጡት። ያ ሐረግ ነው ዲዛይኑን የሚያሳብጠው። አንድ ባለሥልጣን መጥቶ ወደ አሥር ሺህ ይደግልን ሲልም እምቢ በሉ። ባሕር ዳር ግማሹን አግኝታ ተጠቀመች ባልከው ግን አልስማማም። ግማሹን በማግኘቷ ነው ሌላውን ግማሽ ያጣችው፤ ለዚህ ነው ዛሬም ስለ እሱ የምንከራከረው።

የከነማ ደጋፊ፦
ሁለት ሺህ ሰው የሚይዝ ከሆነ እኔም ተቃውሞዬን አነሳለሁ፤ የስታዲየሙን ወንበር የሚሻማ ገንዘብ አይደለም። በአንድ ነገር ግን አልለቅም። ለክልሉ የምንጽፈው ደብዳቤ የባሕር ዳር ስታዲየም ቀሪ ሥራ በዛሬ ዋጋ ስንት እንደሆነ፣ ከማን ጋር በምን ውል እንደተያዘ፣ የካፍን መስፈርት የቱን አሟልቶ የቱን እንዳላሟላ ይጠይቅ። የማርቆሱ አዳራሽ ሁለተኛ አንቀጽ ላይ ይግባ።

አወያይ፦
እንግዲህ ረቂቁን የሳይት ሰውና የከነማ ደጋፊ አብራችሁ ጻፉት፤ የካሳውን ጉዳይ የእንጅባራዋ ትጨምርበት። የማርቆሱ ስለ ቦታው ከከተማው የሰማኸውን አምጣ። መምህርት፣ እርስዎስ ይፈርማሉ?

መምህርት ከፍኖተ ሰላም፦
ትምህርት ቤቶቹ ሦስተኛ አንቀጽ ላይ ከገቡ አልፈርምም። አንደኛ ላይ ከሆኑ እፈርማለሁ፤ የማስተምርበት ትምህርት ቤት መምህራንም አብረውኝ እንዲፈርሙ እጠይቃለሁ።