ጥቆማ፦ እናቴን ቪየና ውስጥ የት ምሳ ልጋብዛት?

የ10ኛው ወረዳ ልጅ፦ ሰላም የቪየና ልጆች። እናቴ ከአዲስ አበባ ለሁለት ሳምንት መጥታለች። ግማሽ ሻንጣዋ በርበሬና ሽሮ ነው። እኔ ግን አንድ ቀን እንኳ ያገሩን ምግብ ላስቀምሳት ብያለሁ፤ ሰዉ ቤቱ የሚበላውን፣ ጥግብ የሚያደርገውን። አሳማ አትነካም፣ ረቡዕና ዓርብ ትጾማለች። ከምግብ ቤቶቹ ፊግልሙለር ይሻላል ፕላሁታ? ወይስ የሰፈር ባይዝል፣ ማለቴ ተራ ምግብ ቤት?

ሽኒትሰል ወዳጅ፦ ፊግልሙለር! አለቀ። ከ1905 ጀምሮ ያሉ ናቸው። ሽኒትሰሉ (በዳቦ ፍርፋሪ ተለብጦ የተጠበሰ ስስ ሥጋ) 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ከሳህኑ ተርፎ ይንጠለጠላል። እንግዳ በመጣብኝ ቁጥር እዚያ ነኝ።

ትራም 6፦ ወንድሜ ጥያቄውን አንብበኸዋል? የእነሱ ዋናው ሽኒትሰል እኮ አሳማ ነው።

ሽኒትሰል ወዳጅ፦ የጥጃም አላቸው። ቀምሰኸው ነው የምታወራው?

ከኦታክሪንግ፦ እኔ በዚህ ነገር የተቃጠልኩ ነኝ። ስሙን አልጠራም፣ አንድ ባይዝል አክስቴን ይዤ ሄድኩ። ሜኑው ላይ «ቪነር» (የቪየና) የምትለዋን ቃል አይቼ አዘዝኩ። አክስቴ ሎሚውን ጭምቅ አድርጋ «ዶሮ ነው አይደል? እንዴት ይለሰልሳል!» እያለች ሙልጭ አድርጋ በላች። ሂሳብ ሲመጣ ደረሰኙን አየሁት፦ «ሽቫይን»፣ አሳማ! ላብ አጠመቀኝ። ያልጠየቅነውን ዳቦ ደግሞ በቁራጭ ቆጥረው አስከፈሉን። ለአክስቴ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።

የማርያም ልጅ፦ አልነገርካቸውም?!

ዶናው ዳር፦ እሳቸው ሳያውቁ ነው የበሉት፣ ኃጢአት የለባቸውም። ያንተን ግን እንጃ።

የማርያም ልጅ፦ ቀልድ አይደለም። የንስሐ አባት ያማክር።

ከኦታክሪንግ፦ እኔ ያናደደኝ ዳቦው ነው እኮ።

ኩሽና የሠራሁ፦ እህቴ፣ ወደ ጥያቄሽ ልመልስሽ። «ቪነር ሽኒትሰል» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ በሕጉ የጥጃ ሥጋ መሆን አለበት። አሳማ ከሆነ «ፎም ሽቫይን» ወይም «ናኽ ቪነር አርት» ይላል። ከኦታክሪንግ፣ አንተን የሸወደችህ ይቺ ሳትሆን አትቀርም። ብዙ ሰው የሚረሳው ግን መጥበሻውን ነው። ጥጃውንም በአሳማ ስብ የሚጠብሱ አሉ። «ሽቫይነሽማልትስ ነው ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። «ቡተርሽማልትስ» ካሉሽ ንጥር ቅቤ ነው። ድንች ሰላጣው ደግሞ የጾም ይመስላል፣ ግን እዚህ አገር በሥጋ መረቅ ነው የሚያሹት። ረቡዕና ዓርብ ቤታችሁ ዋሉ።

ትራም 6፦ ለዚህ ነው ፕላሁታ የምለው። ታፈልሽፒትስ እዘዢላቸው። የበሬ ሥጋ ነው፣ ተቀቅሎ ከነመረቁ በመዳብ ድስት ይመጣል። መጀመሪያ መረቁን ትጠጣላችሁ፣ ቀጥሎ መቅኔውን ዳቦ ላይ ትቀባላችሁ፣ ሥጋው የሚመጣው ከዚያ ነው። አጠገቡ በፖም የተለወሰ ክሬን የሚባል የሚያቃጥል ሥር አለ፤ እንደ ሰናፍጭ አፍንጫ ይመታል። ዐፄ ፍራንስ ዮሴፍም ታፈልሽፒትስ ይወዱ ነበር።

ዶናው ዳር፦ ቅቅል ነዋ! ለቅቅል ደግሞ የሼንገን ቪዛ?

ጋሽ ቢራ፦ ምን አከራከራችሁ? ፕራተር መናፈሻ፣ ሽቫይዘርሃውስ ቢራ ቤት ውሰጃቸው። ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ ሽቴልሰ የመሰለ ነገር የለም።

ኩሽና የሠራሁ፦ ጋሼ፣ ሽቴልሰ የአሳማ ቅልጥም ነው።

ጋሽ ቢራ፦ ቢራውስ?

አዲስ ገቢ፦ ርዕስ ለመቀየር አይደለም፣ ግን ጤፍ በደህና ዋጋ የሚሸጥ ሱቅ የምታውቁ?

የማርያም ልጅ፦ በውስጥ ጻፍልኝ።

የ10ኛው ወረዳ ልጅ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሁሉንም ለእናቴ አነበብኩላት። «የኦታክሪንጉ ልጅ ለአክስቱ ይንገራት» ብላለች።

ከኦታክሪንግ፦ በስልክ ይሻላል በአካል?

ሽኒትሰል ወዳጅ፦ ፊግልሙለር ቀድማችሁ ቦታ ያዙ፣ ሰልፉ አይቻልም።